ለዝርዝር አልትራሳውንድ እንዴት ልዘጋጅ? ከቀጠሮ እስከ ሪፖርት

የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ለዝርዝር አልትራሳውንድ ስገባ በልቤ የያዝኩት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር። ወንድ ነው ሴት? ባለሙያዋ የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር ስትለኝ "ወሩ አጋማሽ ላይ መሰለኝ" አልኳት። በቤተሰብ ውስጥ የልብ ችግር ይዞ የተወለደ አለ ወይ ስትለኝ "እንጃ" አልኩ። ከዚያ ዝም ብላ መለካት ጀመረች። ዝምታው ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየ። በዚያ ሃያ ደቂቃ ውስጥ ያላሰብኩት ክፉ ነገር የለም።

ልጄ ደህና ነበር። ዝምታውም የሥራ ዝምታ ነበር። ይህን ግን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። በሁለተኛው እርግዝናዬ ቀኔን ቆጥሬ፣ ታሪኬን ጽፌ፣ ጥያቄዬን ይዤ ገባሁ። ምርመራው ያው ነው። ይዤ የወጣሁት ግን በጣም የተለየ ነበር።

ማሽኑ የሚያሳየው ምስል ነው። ያ ምስል ስላንቺ እርግዝና ምን እንደሚል ለማወቅ ባለሙያው ካንቺ የሚፈልገው መረጃ አለ። ከዚህ በታች ያለው እሱን አዘጋጅተሽ እንድትገቢ ነው። ሐኪምሽ ከነገረሽ ጋር የሚጋጭ ነገር ካገኘሽ የሐኪምሽን ተከተይ፤ ያንቺን ጉዳይ የሚያውቀው እሱ ነው።

አንደኛ፦ የታዘዘልሽ የትኛው እንደሆነ ለይተሽ እወቂ

በእርግዝና ጊዜ የሚታዘዘው አልትራሳውንድ ሁሉ አንድ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚደረገው እርግዝናው ማህፀን ውስጥ መሆኑን፣ የልብ ምት መኖሩን፣ አንድ ወይም መንታ መሆኑን እና ሳምንቱን ለማወቅ ነው። ከ11ኛው ሳምንት እስከ 13 ሳምንት ከ6 ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ ከፅንሱ ማጅራት ሥር የሚጠራቀመው ፈሳሽ ይለካል። ይህ የክሮሞዞም ችግር ስጋትን ለመገመት ይረዳል። በመጨረሻዎቹ ወራት የሚታዘዘው የፅንሱን ዕድገትና የሽርት ውሃውን መጠን ለመከታተል ነው።

ዝርዝሩ ከእነዚህ ይለያል። ባለሙያዎች አናቶሚ ስካን ወይም አኖማሊ ስካን ይሉታል። ፅንሱ ከራስ ቅሉ እስከ እግሩ ጣት፣ ክፍል በክፍል ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ ከ18 እስከ 22 ሳምንት ባለው ጊዜ ይደረጋል። ከዚያ በፊት ከሆነ ልቡ በጣም ትንሽ ነው፤ ክፍሎቹን ለይቶ ማየት ያስቸግራል። በጣም ከዘገየ ደግሞ አጥንቱ እየጠነከረ ጥላ ይጥላል፣ ፅንሱም ቦታ ይጠበዋል። በዚያ ላይ አንድ ነገር ቢገኝ ለተጨማሪ ምርመራና ለውሳኔ ጊዜ ያጥራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ባወጣው መመሪያ እያንዳንዷ እርጉዝ ከ24ኛው ሳምንት በፊት ቢያንስ አንድ አልትራሳውንድ እንድታገኝ ይመክራል። ስለዚህ አንድ ዕድል ብቻ ካለሽ ይህን ጊዜ አታሳልፊው።

ማዘዣ ወረቀትሽ ላይ የተጻፈው "አልትራሳውንድ" ብቻ ከሆነ ሐኪምሽን ጠይቂው። "ዝርዝሩ ነው ወይስ አጠር ያለው?" በይው። አጭሩን አሠርታ ዝርዝሩን የጨረሰች የሚመስላት እናት ብዙ ናት።

ሁለተኛ፦ ሳምንትሽን በትክክል ቁጠሪ

በእኔ እምነት ከዝግጅቱ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ሰዎች ግን የሚያልፉት እሱን ነው።

እርግዝና የሚቆጠረው ከተፀነሰበት ቀን አይደለም። ከመጨረሻ የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ነው፤ ደም መታየት ከጀመረበት ቀን። ከዚያ እስከ መውለጃው 280 ቀን ወይም 40 ሳምንት ይታሰባል። ስለዚህ "20 ሳምንት" ሲባል ፅንሱ ከተፀነሰ 18 ሳምንት ገደማ ሆኖታል ማለት ነው። "ከዚያ ቀን በፊት እኮ ባለቤቴ አልነበረም" ብላ የምትደነግጥ ሴት አለች። የሚያስደነግጥ ነገር የለውም፤ የቆጠራው ልማድ ነው።

ቀኑ ለምን ይህን ያህል ያስፈልጋል? ባለሙያው የፅንሱን ጭንቅላት፣ ሆድና ጭን ለክቶ "ይህ የ19 ሳምንት ልኬት ነው" ይላል። ባንቺ ቆጠራ 21 ሳምንት ከሆነስ? ወይ ፅንሱ አላደገም፣ ወይ ቀኑ ተሳስቷል። ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንደኛው ጥብቅ ክትትል ይፈልጋል፤ ሌላኛው ወረቀት ማስተካከል ብቻ ነው። የሚለያቸው ደግሞ ቀደም ብሎ የተሠራ አልትራሳውንድ ወይም በእርግጠኝነት የምታስታውሽው ቀን ነው።

ሳምንት በመገመት በኩል ቀደም ብሎ የተሠራው ይበልጥ ይታመናል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የተለካ ቢሳሳት በአምስት ወይም በሰባት ቀን ነው። በሃያኛው ሳምንት አካባቢ ወደ አሥር ቀን ይደርሳል። ከ28ኛው ሳምንት በኋላ እስከ ሦስት ሳምንት ሊያሳስት ይችላል። ለዚህ ነው መጀመሪያ በተሠራው አልትራሳውንድ የተወሰነ የመውለጃ ቀን በኋለኛው የማይቀየረው። በየምርመራው የተለያየ ቀን ቢታተምልሽ ግራ አትጋቢ። ሐኪምሽ የትኛውን እንደያዘ ጠይቂና እሱን ብቻ ያዢ።

አሁን ስልክሽን አንሺና ሦስት ነገር ጻፊ፦ የመጨረሻ የወር አበባሽ የመጀመሪያ ቀን፣ የወር አበባሽ በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ፣ እና ከዚያ በፊት የእርግዝና መከላከያ ትወስጂ እንደነበረ። ሁለት ዓይነት የዘመን አቆጣጠር የምትጠቀሚ ከሆነ ቀኑ በየትኛው እንደተጻፈ አብረሽ አስፍሪ። ቀኑን ካላወቅሽው "አላውቀውም" በይ። በግምት የተነገረ ቀን ካልተነገረ ቀን የበለጠ ያሳስታል።

ሦስተኛ፦ ቀጠሮ ስትይዢ ጠይቂ

በስልክም ሆነ በአካል ስትይዢ፣ ምርመራውን የሚሠራው ማን እንደሆነና ዝርዝር ምርመራ የሚሠራ መሆኑን አረጋግጪ። ፊኛሽን ሞልተሽ መምጣት እንዳለብሽ ጠይቂ። ስንት ሰው ካንቺ ጋር መግባት እንደሚችል፣ ሪፖርቱ ያኔውኑ ይሰጥ ወይም ሌላ ቀን እንደሆነም ጠይቂ።

ምርመራው ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 45 ደቂቃ ይወስዳል፤ መንታ ከሆኑ ይረዝማል። ከዚያ በኋላ ወዲያው የሚያስቸኩል ጉዳይ አትያዢ። ፅንሱ ካልተመቻቸ ወጥተሽ እንድትመለሺ ሊሉሽ ይችላሉ።

ሰውነትሽ ሞላ ያለ ከሆነ ቀጠሮውን ወደ 20 እና 22 ሳምንት ማስጠጋት እንደሚሻል ሐኪምሽን አማክሪ። ማሽኑ ምስል ለመሥራት የሚልከው ድምፅ በወፍራም የስብ ሽፋን ሲያልፍ ይደክማል፣ ምስሉም ይደበዝዛል። ይህን የሚነግርሽ ባለሙያ እየወቀሰሽ አይደለም። ፅንሱ ትንሽ ከፍ ሲል በደንብ ይታያል፤ ነገሩ ይህ ብቻ ነው።

አራተኛ፦ ታሪክሽን በአንድ ወረቀት ጻፊ

ባለሙያው ሁሉንም ክፍል ያያል። የት ላይ ረዘም አድርጎ መቆየት እንዳለበት የሚጠቁመው ግን ታሪክሽ ነው።

ከእርግዝናው በፊት የስኳር በሽታ ነበረብሽ? ጻፊው፤ የፅንሱ ልብና አከርካሪ በተለየ ትኩረት ይታያል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ትወስጃለሽ? በተለይ ቫልፕሮየት ከሆነ ከአከርካሪ ክፍተት ጋር ስለሚያያዝ መነገር አለበት። መድኃኒቱን ግን በራስሽ እንዳታቆሚ፤ ድንገት ማቆም ላንቺም ለፅንሱም አደገኛ ነው። አንቺ ወይም የልጁ አባት፣ ወይም ቀድሞ የተወለደ ልጃችሁ የልብ ችግር ይዞ የተወለደ ከሆነ፣ ለብቻው የፅንስ ልብ አልትራሳውንድ ሊታዘዝ ይችላል። እርግዝናው በላቦራቶሪ እርዳታ የመጣ ከሆነም እንዲሁ። ከልጁ አባት ጋር የሥጋ ዝምድና ካለ አትደብቂው። በእርግዝናሽ መጀመሪያ ሽፍታ ያለው ትኩሳት ይዞሽ ከነበረም ጻፊው።

አንዱን ነጥሬ ላንሳ። ከዚህ በፊት በቀዶ ሕክምና ወልደሽ ታውቂያለሽ? እንግዴ ልጁ ዝቅ ብሎ በቀድሞው ጠባሳ ላይ ከተቀመጠ ወደ ማህፀኑ ግድግዳ ጠልቆ ሊገባ ይችላል። ይህ በወሊድ ጊዜ ከባድ ደም መፍሰስ ያመጣል። ቀድሞ ከታወቀ ደም ተዘጋጅቶ፣ ልምድ ያለው ቡድን ተሰባስቦ፣ ቦታና ቀን ተመርጦ ትወልጃለሽ። ስለዚህ ስንት ጊዜ በቀዶ ሕክምና እንደወለድሽ ሳትጠየቂም ተናገሪ።

ለእናትሽ፣ ለአክስቶችሽ፣ ለአማትሽ ደውለሽ ጠይቂ። በልጅነቱ ያረፈ፣ በተደጋጋሚ የጨነገፈባት፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ የተወለደ በቤተሰቡ አለ ወይ በይ። እንዲህ ያለ ነገር በብዙ ቤት አይወራም። እኔ የአጎቴን ልጅ ታሪክ የሰማሁት ሁለተኛ እርግዝናዬ ላይ ሳለሁ፣ እናቴን ቁጭ አድርጌ ስጠይቃት ነው።

አምስተኛ፦ ከመግባትሽ በፊት የምትወስኚው

ጾታውን ማወቅ ትፈልጊያለሽ? ከባለቤትሽ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ማወቅ ካልፈለጋችሁ ገና አልጋው ላይ ሳትወጪ ለባለሙያው ንገሪው፤ ከአፉ ካመለጠው በኋላ መልስ የለውም። ማወቅ ብትፈልጊም ላይነገርሽ ይችላል። ፅንሱ እግሩን አጣምሮ ሊሆን ይችላል፣ የተቋሙ ደንብ ሊከለክል ይችላል። በአንዳንድ አገሮች ሕጉ ራሱ ይከለክላል፤ ሕንድ ለምሳሌ በ1994 ባወጣችው ሕግ የፅንስን ጾታ መንገርን ከልክላለች።

ከጾታው ይልቅ ልትነጋገሩበት የሚገባው ሌላ ነው። አንድ ነገር ቢገኝ ምን ያህል ማወቅ ትፈልጋላችሁ? ዝርዝሩን እዚያው ወይስ ቁጭ ብላችሁ ከሐኪም ጋር? ተጨማሪ ምርመራ ቢታዘዝ ታደርጋላችሁ? መልስ ላይኖራችሁ ይችላል፤ ምንም አይደል። ጥያቄውን ቀድሞ የሰማ ልብ ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚሰማው ይሻላል።

አብሮሽ የሚገባውን ሰው ምረጪ። ባለቤትሽ፣ እህትሽ፣ ጓደኛሽ ሊሆን ይችላል። የሚመረጠው የሚረጋጋ፣ የሚሰማና የተባለውን የሚያስታውስ ሰው ነው። አንቺ ከደነገጥሽ የተነገረሽ ግማሹ ያመልጥሻል። ትንንሽ ልጆችን የሚጠብቅልሽ ሰው ካለ ቤት ተዪያቸው። ደስታውን ከእነሱ ጋር መካፈል መልካም ነው፣ ነገር ግን ባለሙያው ጸጥታ ይፈልጋል፣ አንቺም ዜናው የማይጠበቅ ከሆነ ልጅ እያባበልሽ መስማት የለብሽም።

ስድስተኛ፦ የዕለቱ ዝግጅት

ብዪ። ለዚህ ምርመራ መጾም አያስፈልግም። ተርበሽ ጀርባሽ ላይ ስትተኚ ሊያዞርሽ ይችላል። የዘወትር መድኃኒትሽን በሰዓቱ ውሰጂ።

ስለ ሽንት ብዙ ግራ መጋባት አለ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ማህፀን ዳሌ ውስጥ ተደብቆ ስለሚሆን የሞላ ፊኛ ወደ ላይ ገፋ አድርጎ ለማየት ይረዳል። "ውሃ ጠጥተሽ፣ ሽንትሽን ይዘሽ ነይ" የሚባለው ለዚያ ነው። በሃያኛው ሳምንት ግን ማህፀኑ እስከ እምብርትሽ አካባቢ ደርሷል። ያን ያህል መጨነቅ አያስፈልግም። በመጠኑ የሞላ ፊኛ የማህፀን በሩን ለማየት ሊጠቅም ስለሚችል አንዳንድ ቦታ ይጠይቁታል። ከልክ በላይ ሲሞላ ግን ራሱ ችግር ያመጣል። የማህፀኑን የታችኛ ክፍል ስለሚጫነው በደህና ቦታ ያለ እንግዴ ልጅ ዝቅ ያለ ይመስላል፣ የማህፀን በሩም ከእውነቱ ረዝሞ ይለካል። ስለዚህ በቀጠሮ ጊዜ የነገሩሽን አድርጊ፤ ሽንትሽ ካስጨነቀሽ ግን አትታገሺ፣ ተናገሪ።

ከላይና ከታች የተለያየ ልብስ ልበሺ። ቀሚስ ከለበስሽ እስከ ደረትሽ ድረስ መግለጥ ሊኖርብሽ ነው። ወገቡ ላይ የማይጠብቅ፣ ጄል ቢነካው የማያሳዝንሽ ይሁን። ያን ቀን ጠዋት ሆድሽን ወፍራም ቅባት አትቀቢ። ትንሽ ፎጣ ወይም ሶፍት ያዢ።

የቀድሞ የአልትራሳውንድ ወረቀቶችሽን፣ የክትትል ካርድሽን፣ ማዘዣውን፣ የጻፍሽውን ታሪክና ጥያቄሽን በአንድ ፖስታ አድርገሽ ያዢ። የምትወስጃቸውን መድኃኒቶች ስም በቃል ከማስታወስ ይልቅ ማሸጊያቸውን ፎቶ አንሺው።

ሰባተኛ፦ ክፍሉ ውስጥ

ጀርባሽ ላይ ትተኛለሽ። ሆድሽ ላይ ጄል ይቀባል፤ ሊቀዘቅዝሽ ይችላል። ጄሉ የሚያስፈልገው በመመርመሪያው እጀታና በቆዳሽ መካከል አየር እንዳይኖር ነው፤ አየር ካለ ድምፁ አያልፍም። ማሽኑ የሚልከው የሰው ጆሮ የማይሰማው ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው ድምፅ ነው። ወደ ውስጥ ይገባል፣ የሰውነት ክፍሎችን ነክቶ ይመለሳል፣ ማሽኑም ከማሚቶው ምስል ይሠራል። እንደ ራጅ ጨረር የለውም። ኢያን ዶናልድ የተባሉ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር በግላስጎው የሠሩትን በ1958 ካሳተሙ ወዲህ በእርግዝና ሕክምና ሲያገለግል ኖሯል። ያም ሆኖ ያለ ሕክምና ምክንያት፣ ለፎቶ ብቻ ተብሎ እየደጋገሙ መሥራት አይመከርም።

ባለሙያው እጀታውን ጫን ሊያደርገው ይችላል። ምቾት ይነሳሻል እንጂ ማመም የለበትም፤ ካመመሽ ንገሪው።

አሁን ስለ ዝምታው። በዚያ ዝምታ ውስጥ የሚሠራውን ብታውቂው ይቀልሻል። ጭንቅላት ላይ የራስ ቅሉ ሙሉነት፣ የአንጎል ክፍሎች፣ ውስጡ ያሉት የፈሳሽ ክፍተቶች ስፋት ይታያል። ክፍተቶቹ ከ10 ሚሊ ሜትር በታች መሆን አለባቸው። ፊት ላይ ከንፈሩ ይታያል። አከርካሪው ከላይ እስከ ታች፣ በርዝመትና በአግድም ይፈተሻል። ልብ ጋ ሲደርስ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ አራቱ ክፍሎች፣ ከልብ የሚወጡት ትልልቅ የደም ቧንቧዎች አወጣጥና አቅጣጫቸው ይታያሉ። በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ጊዜ የሚመታን፣ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማይበልጥን ልብ እያየ ነው። ባያወራሽ አትፍረጂበት።

ከዚያ ደረትንና ሆድን የሚለየው ሽፋን፣ ጨጓራ፣ ሁለት ኩላሊት፣ የሽንት ፊኛ፣ የሆድ ግድግዳና እትብቱ የሚገባበት ቦታ ይታያል። እጅና እግር ይታያሉ። እትብቱ ውስጥ ሦስት የደም ቧንቧዎች መኖራቸው ይቆጠራል። የእንግዴ ልጁ ቦታ፣ የሽርት ውሃው መጠን፣ የማህፀን በርሽ ርዝመትም ይመዘገባል።

መጀመሪያ ላይ "ስትለኩ ዝም የምትሉ ከሆነ ንገሩኝ፣ እንዳልደነግጥ" ብትያቸው ነውር የለውም። እኔ በሁለተኛው እንዲህ አልኳት። ባለሙያዋ ሳቅ ብላ "መጀመሪያ ለክቼ ልጨርስ፣ ከዚያ ሁሉንም አሳይሻለሁ" አለችኝ። ሃያው ደቂቃ እንደ ሃያ ደቂቃ አለፈ።

ጀርባሽ ላይ ተኝተሽ ካዞረሽ፣ ካላበሽ ወይም ካቅለሸለሸሽ ቶሎ ተናገሪ። የከበደው ማህፀን ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቁን ቧንቧ ሲጫነው የሚመጣ ነው። ወደ ግራ ጎንሽ ዘወር ስትይ ይለቅሻል።

ፅንሱ ጀርባውን ሰጥቶ ከተኛ ልቡና ፊቱ አይታዩም። ጎን እንድትቀይሪ፣ እንድትሸኚ፣ ትንሽ ተራምደሽ እንድትመለሺ ይሉሻል። እኔም በሁለተኛው እርግዝናዬ ይኸው ደርሶብኝ በሌላ ቀን ተመልሼ ነው የጨረስኩት። "ልቡ በደንብ አልታየም፣ ነይ" ማለት "ልቡ ችግር አለበት" ማለት አይደለም። አልታየም ማለት ነው፤ በቃ። ተመለሺና አስጨርሺው።

እንግዴ ልጁ ወይም የማህፀን በሩ በሆድ በኩል በግልጽ ካልታየ በብልት በኩል በሚገባ ቀጭን መመርመሪያ ማየት ሊያስፈልግ ይችላል። ለፅንሱ አደጋ የለውም። አስቀድሞ ሊያስረዱሽና ፈቃድሽን ሊጠይቁሽ ይገባል። ሴት ባለሙያ ወይም ሌላ ሴት አብራ እንድትቆም መጠየቅ መብትሽ ነው። ካልፈለግሽ እምቢ ማለትም ትችያለሽ።

ስምንተኛ፦ ከመውጣትሽ በፊት እነዚህን ጠይቂ

ሁሉም ክፍል ታየ? ያልታየ ካለ የትኛው ነው፣ መቼ ልመለስ? ዕድገቱ ከሳምንቱ ጋር ይሄዳል? እንግዴ ልጁ የት ነው? የሽርት ውሃው በቂ ነው? ሌላ አልትራሳውንድ ያስፈልገኛል? አንዳንዴ ምርመራውን የሠራው ባለሙያ እንዲያብራራ አይፈቀድለትም፤ የሚነግርሽ ያዘዘው ሐኪም ነው። ያን ጊዜ "ሐኪምሽ ይነግርሻል" የሚለውን እንደ መጥፎ ምልክት አትውሰጂው።

ሪፖርቱ ላይ ያሉት ምህጻረ ቃላት ያስፈራሉ እንጂ ቀላል ናቸው። ኤልኤምፒ የመጨረሻ የወር አበባሽ ነው፣ ጂኤ የእርግዝናው ሳምንት፣ ኢዲዲ የሚጠበቀው የመውለጃ ቀን። ቢፒዲ የጭንቅላት ስፋት፣ ኤችሲ የጭንቅላት ዙሪያ፣ ኤሲ የሆድ ዙሪያ፣ ኤፍኤል የጭን አጥንት ርዝመት ነው። ኤፍኤችአር የልብ ምት። ኢኤፍደብሊው የተገመተ ክብደት ነው፤ ግምት ነውና ከአሥር እስከ አሥራ አምስት በመቶ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊስት ይችላል። በሃያኛው ሳምንት 300 ግራም አካባቢ ብታይ "አነሰ" ብለሽ አትጨነቂ፣ ጊዜው ነው። አራቱ ልኬቶች አንዳቸው ከሌላው በጥቂት ቀናት ቢለያዩም የተለመደ ነው።

ሁለት ቃላት በተለይ ብዙ እናቶችን በከንቱ ያስጨንቃሉ። "አንቴሪየር" ማለት እንግዴ ልጁ በፊተኛው ግድግዳ ላይ ነው ማለት ነው። በሽታ አይደለም፤ የፅንሱን እንቅስቃሴ ትንሽ ዘግይተሽ እንድትሰሚው ሊያደርግ ይችላል፣ ያው እንደ ትራስ መሃል ስለሚገባ። "ብሪች" ደግሞ ፅንሱ በመቀመጫው ወደ ታች ነው ማለት ነው። በሃያኛው ሳምንት ትርጉም የለውም። በቀን ስንት ጊዜ ይገለባበጣል።

ዘጠነኛ፦ አንድ ነገር ተገኘ ቢሉሽ

መጀመሪያ የተባለውን ቃል በቃል አጻፊ። "ችግር አለ" ብቻ ይዘሽ አትውጪ። የቱ ክፍል? ምን ያህል? እርግጠኛ ነው ወይስ ጥርጣሬ? ቀጣዩ እርምጃ ምንድን ነው፣ እስከ መቼ?

በዚህ ምርመራ በብዛት ከሚገኙት አንዱ ዝቅ ያለ እንግዴ ልጅ ነው። ከማህፀን በሩ ውስጠኛ አፍ ከ20 ሚሊ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ሲሆን ዝቅ ብሏል ይባላል። ማህፀኑ ወደ ታች እየሰፋ ሲሄድ አብዛኛው እየራቀ ይሄዳል። በ32ኛው ሳምንት ገደማ እንደገና ይታያል። እስከዚያ ምን ማድረግና አለማድረግ እንዳለብሽ ጠይቂ፤ ደም ካየሽ ግን ያኔውኑ ሂጂ።

ሌሎቹ ለስላሳ ምልክት የሚባሉት ናቸው። አንጎል ውስጥ ትንሽ ውሃ የቋጠረ ነገር፣ ልብ ውስጥ ብሩህ ነጥብ፣ የኩላሊቱ የሽንት መሰብሰቢያ መጠነኛ መስፋት። ብቻቸውን ሲታዩ በአብዛኛው ጤነኛ ልጅ ላይ የሚታዩ ናቸው፤ አንጎል ውስጥ ያለው ከጊዜ በኋላ በራሱ ይጠፋል። የኩላሊቱ ክትትል ይፈልጋል፣ ከወሊድ በኋላም ሊቀጥል ይችላል። ሁለትና ሦስት ምልክት አብሮ ሲታይ ግን የክሮሞዞም ጥርጣሬ ከፍ ይላል። ያኔ የደም ምርመራ ወይም ከሽርት ውሃ ናሙና መውሰድ ሊነሳ ይችላል። ናሙናው ከ15ኛው ሳምንት በኋላ የሚወሰድ ሲሆን አነስተኛ የመጨንገፍ ስጋት አለው። ጥቅምና ጉዳቱን በደንብ አስረድተውሽ የምትወስኚው አንቺ ነሽ።

የልብ፣ የአከርካሪ ወይም የአንጎል ችግር ከተጠረጠረ በፅንስ ሕክምና የበለጠ ልምድ ወዳለው ሐኪም ሪፈር እንዲጻፍልሽ ጠይቂ። አንዳንዱ ችግር ሲወለድ ወዲያው በሚሰጥ ሕክምና ይስተካከላል፤ ቀድሞ መታወቁ የት እንደምትወልጂ ይወስናል። አንዳንዱ ደግሞ ከባድ ነው። እንዲህ ያለ ቀን ብቻሽን አትቀመጪ። ሌሊት ስልክሽ ላይ ስትፈልጊ አትደሪ፤ ያየሽው ሁሉ ያንቺ ጉዳይ አይደለም። ጥያቄሽን ጽፈሽ በሚቀጥለው ቀን ሐኪምሽ ጋ ይዘሽ ሂጂ።

"ሁሉም ደህና ነው" ከተባልሽም ይህን እወቂ፦ አልትራሳውንድ ሁሉን አያይም። ትንንሽ የልብ ክፍተቶች፣ የመስማትና የማየት ችግሮች፣ ብዙ የዘረመል ሕመሞች አይታዩበትም። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ብዙ ፅንሶች ምስሉ ላይ ምንም የተለየ ምልክት አያሳዩም። ባለሙያው ስለሰነፈ አይደለም፤ መሣሪያው አቅሙ እዚያ ድረስ ነው።

ምርመራው ጥሩ ሆኖ ቤትሽ ከገባሽ በኋላም ደም ከታየሽ፣ ውሃ ከፈሰሰሽ፣ የማይለቅ ከባድ የሆድ ሕመም፣ ብርቱ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣብሽ፣ ወይም የለመድሽው እንቅስቃሴ ከቀነሰብሽ፣ "ትናንት አይተውኝ ደህና ነው ብለዋል" ብለሽ አትቀመጪ። አልትራሳውንድ የሚያሳየው የታየበትን ቀን ነው።

ሪፖርቱን በስልክሽ ፎቶ አንሺውና ዋናውን ከክትትል ካርድሽ ጋር አያይዥው። የእንግዴ ልጁን ቦታና የመውለጃ ቀንሽን ደግሞ ለባለቤትሽ ወይም አብሮሽ ለሚኖር ሰው ንገሪ፤ ምጥ ድንገት ቢመጣ አዋላጇ መጀመሪያ ከምትጠይቃቸው ነገሮች መካከል ናቸው፣ ያኔ ደግሞ አንቺ ለመመለስ ላትመቺ ትችያለሽ።